የራሴን ሥራ በቃልሽ አጥኚ ተባልኩ

ይሄን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። የአሜሪካ ቪዛ ፕሮሰሴ የት እንደደረሰ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የኤምባሲው የኢንተርቪው ቀጠሮ እንዳለ ነው፣ አልተቀየረም። ዛሬ ግን የቪዛ አማካሪ የተባለው ሰውዬ ቢሮ የሆንኩትን ስሙልኝ።

የኢንተርቪው ልምምድ ነው ተባለ። እሱ ቪዛ የሚሰጠው ቆንስል፣ እኔ አመልካች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሶፋው ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ይሰማል። ሰውዬው እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ጀመረ።

"ለምን አንቺ? ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?"

ነገርኩት። ድርጅታችን የሚጠቀምበትን የክፍያ ሲስተም ከመሠረቱ ከጻፉት ሰዎች አንዷ ነኝ። አሜሪካ ያለው ቢሮ ወደዚሁ ሲስተም ሊዞር ስለሆነ ውስጡን የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። በቃ፣ እውነቱ ይሄው ነው።

እጁን ወደ ላይ አነሳ። "ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ይሄን ማን ይረዳልሻል የኔ እህት? 'ታታሪ ሠራተኛ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ' በይ። ወረቀት እሰጥሻለሁ፣ በቃልሽ ታጠኚዋለሽ።"

የራሴን ሥራ! በውድቅት ሌሊት ሲስተሙ በቆመ ቁጥር ከእንቅልፌ እየተጠራሁ ያስነሳሁትን ነገር! እሱን ትቼ የሰው ወረቀት ልሸምድድ?

ይሄ አልበቃውም። "አግብተሻል?" አላገባሁም። "ልጅ?" የለኝም። "በስምሽ ቤት፣ መሬት?" የለም። ከዛ ፊቱን ወደ ሶፋው አዞረና፣ "እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ ይቺን ልጅ ትመለሳለች ብሎ የሚያምን ቆንስል አለ?" አላቸው። ሳቁ። አንዲት ሴትዮ ብቻ አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፍታ የፋይሏን ወረቀቶች ታስተካክላለች። እግዜር ይስጣት።

ፊቴ ነደደ። እንደምንም ድምፄን ሰብስቤ፣ "ይቅርታ፣ የኔ ቪዛ እኮ ኤል ዋን ነው" አልኩት። ድርጅት የራሱን ሠራተኛ አሜሪካ ወዳለው ቢሮው የሚያዛውርበት ቪዛ ማለት ነው።

"ሁሉም ያው ነው።"

ያው አይደለም! ገንዘብ ተቀብለህ የምታማክርበትን ነገር እንዴት አታውቀውም? ሰውን ሁሉ የሚያስፈራው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 ቢ ነው። አመልካቹ ሌላ ነገር እስኪያሳምን ድረስ "ይሄ ሰው ሄዶ ሊቀር ነው" ብሎ ይነሳል። ጎብኚውም ተማሪውም በብዛት የሚከለከለው በሱ ነው። ግን ያው ሕግ ራሱ ኤል ዋንንና ኤች ዋን ቢን (የባለሙያዎችን የሥራ ቪዛ) ከዚህ ግምት አውጥቷቸዋል። ወደፊት ግሪን ካርድ ላመልክት ብዬ ባስብ እንኳ ይሄ ብቻውን አያስከለክለኝም። ባል አለሽ ወይ፣ መሬት አለሽ ወይ የሚለው የኔ ፈተና አይደለም።

የኔ ፈተና ሌላ ነው። ካለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመት ሳታቋርጥ ለዚሁ ድርጅት ከአሜሪካ ውጭ ሠርታለች? ሥራው የሚጠይቀው የተለየ እውቀት አላት? እዛስ ሄዳ የምትሠራው ያንን ነው? አያችሁት? "ማን ይረዳልሻል" ብሎ ያቋረጠኝ መልስ ነው ቪዛውን የሚያስመታው! ዋናውን ነገር አስጥሎ "በቡድን መሥራት እወዳለሁ" ሊያስብለኝ ነው።

ለሰውዬው የተከፈለው ደግሞ እኮ የእናቴ ገንዘብ ነው። "ብቻሽን አትግቢ፣ የሚያውቅ ሰው ያዘጋጅሽ" ብላ ነው። የኤምባሲው የማመልከቻ ክፍያ 205 ዶላር ነው፤ ተሰጠሽም ተከለከልሽም አይመለስም። ይሄ ሰውዬ ከዛ በላይ ነው የሚጠይቀው፣ ግማሹን በቅድሚያ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን መጨረሻ ላይ ያመጣው ነው። ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ "እጮኛ አለኝ ብለሽ ትናገሪያለሽ፣ የዘመድ ቤት ማስረጃም እናዘጋጃለን" አለኝ። የቪዛ ማመልከቻው ፎርም፣ ዲ ኤስ 160 ላይ፣ "ፎርሙን ሲሞሉ የረዳዎት ሰው አለ?" የሚል ጥያቄ አለ። እሱን ደግሞ "ፎርሙን እኔ አስተካክልልሻለሁ፣ ግን የለም በይ" ይለኛል። ሆን ብሎ የዋሸ ሰው እኮ በሕጉ ዕድሜ ልኩን ነው የሚከለከለው! እንደገና መግባት ቢፈልግ ልዩ ፈቃድ መለመን አለበት። የሚፈርመው ማነው? እኔ። ስሙ የሚበላሸው የማን ነው? የኔ። እሱማ የትም ቦታ ላይ የለም፤ ነገ ሌላ ሰው ሶፋው ላይ ያስቀምጣል።

ያንን ፎርም ደግሞ ብቻዬን ነው የሞላሁት፣ ይታወቅልኝ። 20 ደቂቃ ያህል ዝም ካላችሁት ይዘጋል፤ ሴቭ ያላደረጋችሁት ሁሉ ይጠፋል። ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀምሽባቸውን የሶሻል ሚዲያ ስሞች ጻፊ፣ የሄድሽባቸውን ሀገሮች ጻፊ። ድሮ የተውኩትን አካውንት ስም ለማስታወስ ስንቱን ስልክ አገላበጥኩ። እሺ፣ ይሁን። ጠየቁ፣ እውነቱን መለስኩ፣ አለቀ። በዚህ አልተናደድኩም።

ፎቶ ቤቱ ግን አናዶኛል። 5 በ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ነጭ ጀርባ፣ ከ6 ወር ያልበለጠ፤ መነጽር ደግሞ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ አይፈቀድም። ይሄን ሁሉ ነገርኩት። ሳላዘው ፊቴን በኮምፒውተር አንጥቶት ሰጠኝ! "ያምራል ብዬ ነው" ይላል። ኧረ ማን አምሪኝ አለህ? የተነካካ ፎቶ አይቀበሉም። ደግሞም የኔ ፊት ነው፣ ጠይም ነኝ፣ ምን ይሁን?

የቅርንጫፋችን የሰው ኃይል ክፍልስ? አንዲት ደብዳቤ ነው የለመንኳቸው። የሥራ መደቤን፣ ደሞዜን፣ የምሠራውን የሚገልጽ። "ትሄጂ የለ እንዴ፣ ምን አስቸኮለሽ?" እያሉ አንከራተቱኝ። ደብዳቤዋ ስትመጣ፣ ሥራ ስገባ የነበርኩበትን መደብ ይዛ መጣች። የኔ ጉዳይ የቆመው በምሠራው ሥራ ላይ ነው፤ ደብዳቤው ሌላ ሰው ያደርገኛል። መልሼ ሰጠኋቸው። እስካሁን አልታረመም።

መካሪውም ብሶብኛል። አንዱ ዓይን ዓይኑን እያየሽ መልሺ ይላል፣ ሌላው ኧረ እንዳታፈጪበት ይላል። አንዷ ቀይ ልብስ እንዳትለብሺ ብላ ደወለች። ሁለት ሦስት ደቂቃ ለሚፈጅ ነገር የስንት ሰው ፍርሃት ተሸክሜ ልግባ? ደከመኝ እኮ።

አሁንም ዓይኔ ላይ ያለው ያ ሶፋ ነው። ያቺ ሴትዮ የራሷ ታሪክ አላት። አጠገቧ የነበረው ልጅም የራሱ አለው። ሁሉም ግን ያችኑ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ሁሉም ተራ በተራ መስኮቱ ጋ ቆመው "ታታሪ ሠራተኛ ነኝ" ይላሉ። ቆንስሉ ጠዋት ሙሉ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር እየሰማ ማንን ከማን ይለይ? ከዛ ሲከለከሉ ሰውዬው "ዕድልሽ ነው" ብሎ ለሁለተኛ ዙር ያስከፍላቸዋል። የሰውን እውነት ነጥቆ ውሸት መሸጥ ነው ይሄ፣ ሌላ ስም የለውም።

ቅድም ደግሞ ቴክስት ልኳል። "ቀሪ ሂሳብ እስከ ነገ ይላክ፣ ሁለተኛ ልምምድ አለሽ።" አልልክም። ልምምዱም ይቅርብኝ። ያስቀመጠብኝን የፓስፖርት ኮፒ ለመውሰድ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። እምቢ ካለ ሶፋው በሞላበት ሰዓት በሩ ላይ ቆሜ ይሄን የጻፍኩትን አንድ በአንድ ነው የማነብላቸው። ያቺን ሴትዮ የሚያውቃት ካለ ደግሞ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፤ የሷ ምን ዓይነት ቪዛ እንደሆነ ሳታውቅ እንዳትገባ።