ለክቡር የሥራ አጥነት ምጣኔ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳላመለክት ስለተቀጠርኩበት ሥራ

ክቡርነትዎ፣

እኛ ድሬዎች አንቱታ አይሆንልንም። ሽማግሌውንም፣ ሹሙንም፣ አማታችንንም አንተ ነው የምንለው። ከመሀል አገር የመጣ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ይደነግጣል፣ በሦስተኛው ቀን ራሱም ይጀምራል። እርስዎን ግን አንቱ ለማለት ቆርጬ ነው የተነሳሁት። በቴሌቪዥን የሚወጡት ከረባት ካሰረ ሰው አፍ ነው። ሲጠሩም በነጥብ ነው። እንደኛ ሰፈር ወሬ "ሃያ ምናምን" ተብለው አያውቁም።

ባለፈው ማክሰኞ ሥራ ያዝኩ። በእርስዎ በኩል ስለሆነ ማመስገን ይገባኛል። በአካውንቲንግ ዲግሪዬ አራት ዓመት ፈልጌ ያጣሁትን፣ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ሽርጥ እንዳገለደምኩ ቀጠሩኝ።

ድሬን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ከተማውን ጠቅልሎ ያስተኛዋል። ከ7 እስከ 10 ሰዓት በር የሚያንኳኳ ወይ መርዶ ነው ወይ መንግሥት። እማዬ በረንዳው ላይ ጋደም ብላ ነበር። እኔ ስልኬ ላይ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ እያገላበጥኩ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ታብሌት የያዘች፣ ላብ ያጠመቃት ልጅ ቆማለች። "ለጥናት ነው የመጣሁት" አለች። አስገባናት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠናት። ጥሩ ልጅ ናት፤ ጠቤ ከእሷ ጋር እንዳልሆነ ከወዲሁ ይመዝገብልኝ።

ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት ጠየቀችኝ። ትምህርት ላይ ትንሽ ደረቴን ነፋሁ። ቀጥላ ከታብሌቱ ላይ አነበበች። ባለፉት 7 ቀናት ለክፍያ፣ ለትርፍ ወይም ለቤተሰብ ጥቅም ቢያንስ 1 ሰዓት ሠርተሃል?

"አልሠራሁም።" ይህን መልስ አራት ዓመት ተለማምጄዋለሁ፣ አይደናቀፈኝም።

እማዬ ከተኛችበት ቀና አለች። "ኧረ አትዋሽ፣ ዓርብ ዕለት የአዴን ሱቅ ጠብቀህላት የለም እንዴ?"

አዴ ማለት ማዕዘኑ ላይ ያለችው ጎረቤታችን ናት። ሰፈሩ በሙሉ አዴ ነው የሚላት። ጠዋት ባጅያ ትጠብሳለች፣ ከዚያ ሽንኩርት፣ ከሰል፣ ሳሙና ትቸረችራለች። ዓርብ ለቅሶ ነበረባት። "ትንሽ ተቀመጥልኝ" አለችኝ፣ ተቀመጥኩ። ሁለት ሳሙና ሸጥኩ። አንድ ሻማ ሸጥኩ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ዝርዝር ጠየቀኝ፣ የለም አልኩት፣ ሰድቦኝ ሄደ። የሥራ ታሪኬ ይኸው ነው። አዴ ስትመለስ 50 ብር እጄ ላይ አስጨበጠችኝ፣ የቀዘቀዘ አራት ባጅያም በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። አልቀበልም ብል "ወላሂ ትወስዳለህ" አለች። ወላሂ ከተባለ በኋላ እንቢ ማለት ድሬ ላይ ያጣላል። ወሰድኩ።

"ስንት ሰዓት ተቀመጥክ?" አለች ልጅቷ።

"ሁለት ሰዓት ከሩብ" አለች እማዬ። እማዬ ዝርዝር ትወዳለች።

"ክፍያ ነበረው?"

"ሃምሳ ብር።"

"በዓይነትስ?"

"ባጅያ" አለች እማዬ፣ ኮራ ብላ። "አራት።"

ልጅቷ ጣቷን ታብሌቱ ላይ አሳረፈች። "እንግዲህ ሥራ አለህ ማለት ነው።"

ተከራከርኩ፣ ክቡርነትዎ። ሱቅ መጠበቅ ጉርብትና እንጂ ሥራ አይደለም አልኩ። ሃምሳው ብር ምርቃት እንጂ ደመወዝ አይደለም አልኩ። ባጅያው እኮ ቀዝቅዟል አልኩ። ልጅቷ አዘነችልኝ፣ ግን የባጅያ ሙቀት የሚሞላበት ቦታ የላትም። የሥራ ዓይነት ከሚለው ዝርዝር "የሽያጭ ሠራተኛ" የሚለውን መረጠችልኝ። አባቴ ሃያ ስምንት ዓመት ምድር ባቡር የሠራ ሰው ነው። ያን ሰዓት በሕይወት ባለመኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽናናሁ።

ወሬው እስከ መግሪብ ሰፈሩን አዳረሰ። ገንደ ቆሬ ውስጥ ወሬን በር አያስቀረውም። ማታ ሻይ ቤት ስገባ "አቦ እንኳን ደስ ያለህ!" ብለው አጨበጨቡልኝ። አንዱ "ደመወዝ መቼ ነው የሚወጣው?" አለኝ። ሌላው ባጅያውን በወር አባዝቶ ነገረኝ። የሻዩን ሂሳብ ለእኔ ለቀቁልኝ፣ ሥራ ያለው ሰው ይከፍላላ! ከሃምሳው ብር የቀረችው በዚያው አለቀች።

ይህን ሁሉ በሳቅ አልፈው ነበር። ረቡዕ ጠዋት ግን አዴ ጠራችኝ። ፊቷ ልክ አልነበረም። "አንተ፣ መንግሥት ሠራተኛ አለሽ ብሎ ጻፈኝ ይላሉ። ግብር ሊጨምሩብኝ ነው?" አይደለም፣ ስምሽም አልተጻፈም፣ ጥናት ነው ብል ማን ሊሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ሱቋን የምታስጠብቀው የእህቷን ልጅ ነው። እንግዲህ ይቁጠሩልኝ። የተቀጠርኩት ማክሰኞ፣ የተባረርኩት ረቡዕ። ያቺን ሃምሳ ብር የነጠቀኝ "ሥራ አለህ" መባሌ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል ጠይቄ አጣርቻለሁ። አንድ ሰዓት የሠራ ሥራ አለው የምትለዋን መለኪያ የፈጠራት የእኛ አገር ሹም አይደለም። በ1982 በፈረንጅ አቆጣጠር የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ሊቃውንት ጄኔቫ ተሰብስበው የተስማሙባት ናት። ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም። በአገር ምርት ላይ የተጨመረች ጠብታ ድካም ሁሉ እንዳታመልጥ፣ አገር ከአገርም እንዲመሳከር ነው። እንዲያውም የእኛው አቆጣጠር ከጄኔቫው አንድ ነገር ላይ ይሻላል። እዚያ ሥራ አጥ ለመባል ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ስትፈልግ መታየት አለብህ። እኛ ጋ ፍለጋ ሰልችቶት የተቀመጠውም ለመሥራት ዝግጁ ነኝ ካለ ይቆጠራል። ይህን አልክድም።

ግን ጄኔቫ ያሉት ሊቃውንት የድሬን ሰው ጎረቤት ለቅሶ ሲደርስ አያውቁትም።

ልጅቷ አንድ ሌላ ጥያቄም ነበራት። "ተጨማሪ ሰዓት ለመሥራት ትፈልጋለህ?" "አዎ!" አልኩ፣ እማዬ ደንግጣ እስክትነሳ። ይህም ተመዘገበ። ያልተሟላ ሥራ የሚሉት ነገር አለ አለችኝ። እኔ ያለሁት እዚያ ነው። እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ግን ካሜራ አይደርስም። ዜና ላይ የሚቀርቡት እርስዎ ብቻ ነዎት።

እርስዎስ ስንት ነዎት? በ2013ቱ የሠራተኛ ኃይልና ፍልሰት ጥናት በአገር ደረጃ 8 በመቶ ነበሩ። ከተማ ሲገቡ 18 ነጥብ 7 ሆኑ። ገጠር ሲወጡ 5 ነጥብ 2፣ እዚያ እንግዲህ በሬ የሚከተል ሁሉ ሥራ አለው። የዓለም ባንክ ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ 3 ወይም 4 አካባቢ ሆነው አየሁዎት። ለውጭ ጉዞ ነው እንዴ እንዲህ የሚቀጥኑት? መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ፣ አለካኩ ይለያያል ይሉኛል። ሻይ ቤት ያለው ሰው ግን አለካክ አይሰማም። አራት ቁጥር ይሰማል፣ ከዚያ በሩ ላይ የተቀመጡትን ልጆች ራሱ ይቆጥራል።

ስለ ቆጠራ ካነሳን፣ ሕዝብ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረው በ1999 ነው። ያኔ ድሬ ከነገጠሯ 341,834 ሰው ነበራት። በዚያ ዓመት የተወለደው ሕፃን ዛሬ ጢም አውጥቶ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ከእኔ ጋር ይጋፋል።

የቆዩ ቂሞቼን አላበዛም። አንዴ "ተደራጁ" ተባልን፣ ተደራጀን፣ አካፋ ይዘን ተቀረጽን። ቀረጻው ሲያልቅ አካፋው ተሰበሰበ። የሥራ ፈላጊ ካርዴን ሳሳድስ ደግሞ ሥራ አጥ ለመሆኔ ሦስት ምስክር ተጠየቅኩ። ሥራ ለመያዝ አራት ባጅያ፣ ሥራ ለማጣት ሦስት ምስክር!

አንድ ነገር ግን አልተውም።

የክፍሌ ልጆች የነበሩ ሁለቱ በጅቡቲ አድርገው፣ ኦቦክ ወርደው፣ ጀልባ ላይ ወጥተዋል። አንዱ ሳዑዲ ነው፣ ሲመቸው ይደውላል። የሌላው ስልክ ሦስት ዓመት ሆነው፣ አይጠራም። ያቺ ልጅ ማክሰኞ የእሱንም እናት ቤት አንኳኩታለች። ሥራ የሌለው ወጣት እዚህ ቤት አለ? የለም አሉ እናቱ። እውነት ነው፣ የለም። የፍልሰት ጥያቄ ላይ ይሰፍር ይሆናል። አንተ ውስጥ ግን የለም። ከሥራ አጡም ከጠቅላላው ሠራተኛ ኃይልም፣ ከላይም ከታችም ወጥቷል። እሱ ባሕር ሲገባ አንተ ቀነስክ። በጣም ትንሽ፣ ከነጥቡ በኋላ ብዙ ዜሮ አልፎ፣ ግን ቀነስክ። ከዚያ አንዱ ከረባቱን አስተካክሎ "መሻሻል ታይቷል" ይላል። እናቱ ያንን ዜና ያያሉ። ቴሌቪዥኑን ልጃቸው ነው የገዛላቸው፣ ክረምት ክረምት ቀን ሠራተኛ ሆኖ ባጠራቀመው። ሰው ለምን አያምነኝም ትላለህ? ውሸታም ስለሆንክ አይደለም። ውሸት አልያዝኩብህም። እሱን የት እንዳደረስከው ስለማትናገር ነው።

ይቅርታ። አንተ አልኩ። ድሬነቴ ነው።

ልጅቷን በር ድረስ ስሸኛት "አንቺስ ቋሚ ነሽ?" አልኳት። ሳቀች። "ኮንትራት ነው፣ ጥናቱ ሲያልቅ ያልቃል።" ሲቪል ምሕንድስና ነው የተማረችው። ከዚያስ ስላት "ከዚያ እኔም ቤት ቁጭ ብዬ እስኪንኳኳ እጠብቃለሁ" ብላ ወደሚቀጥለው በር ሄደች።

ስለሆነም፣ ክቡርነትዎ፣ ቀጣሪዬ እርስዎ ነዎትና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲጻፍልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይላሉ። እኔ ሁለት ሰዓት ከሩብ አለኝ፣ ለጊዜው ከዚያ ልጀምር። የሥራ መልቀቂያም ይያያዝልኝ። ሁለቱም ማህተም ይኑራቸው፣ ማህተም የሌለውን ማንም እንደማያየው እርስዎም ያውቃሉ።

ከሰላምታ ጋር
የቀድሞ የሽያጭ ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ

ግልባጭ፦
ለአዴ። የእህትሽ ልጅ ሳሙናውን በዱቤ እየሰጠ ነው፣ እኔ ልመለስልሽ። አንቺ ብቻ በሳምንት ከአንድ ለቅሶ በላይ አትድረሺ፣ እሱንም በ59 ደቂቃ ጨርሰሽ ነይ።