እጅ ብቻውን አይበቃም
ስለ ሕክምና ሥዕል ሙያ የወጣው ጽሑፍ «እጁ ለሥዕል የተፍታታ ሁሉ በሕክምና ሥዕል እንጀራ ይበላል» ማለቱ አልተዋጠልኝም። እዚህ ሐረር ለጤና ተማሪዎች ቻርት እሥላለሁ፤ የሚፈትነው እጅ ሳይሆን እውቀት ነው። ደም ቅዳ ቀይ፣ ደም መልስ ሰማያዊ ተብሎ ይጀመራል፤ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኦክስጅን ያነሰውን ደም ስለሚሸከም የሚቀባው ሰማያዊ ነው። ይህን የማያውቅ ሠዓሊ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ተማሪውን ገደል ይከታል። በጽሑፉ ላይ «ፎቶ እያለ ሥዕል ምን ያደርጋል?» ብለው አስተያየት የሰጡት ወንድሜ፣ የቀዶ ሕክምና ፎቶ አይተው ያውቃሉ? ሁሉም ደም ለብሶ ምኑ ከምኑ አይለይም። ደሙንና ስቡን ገፎ ሐኪሙ የሚቋጥረውን የደም ሥር ብቻ የሚያሳየው ሠዓሊው ነው። የሕክምና ሠዓሊው ማክስ ብሮደል እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሙያውን ትምህርት ክፍል ሲጀምርም ካሜራ ነበረ! ሥራው እኛ ዘንድም ሞልቷል። እጄ የገቡት የቆዳ በሽታ ቻርቶች የፈረንጅ ቆዳ ናቸው፤ እዚያ ላይ ቀልቶ የሚታየው ሽፍታ በጠቆረ ቆዳ ላይ ወደ ሐምራዊ ወይም ቡናማ ያደላል። ክፍያውን ግን ጽሑፉ እንዳለው እንዳትጠብቁ፤ እኔ የቤት ኪራዬን የምሸፍነው ድሬ እየወረድኩ የሱቅ ታፔላ በመጻፍ ነው።