«ማን አስተማረህ?» ሲሏችሁ አትዋሹ

የአዳማ ሰዎች፣ በተለይ እጃችሁ ሙያ የለመደ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ከእናንተም በፊት ራሴን።

ሰው ሱቅ ሲከፍት፣ ጋራዥ ሲያስመርቅ፣ ጋውን ሲለብስ የሚናገረውን ሰምታችኋል። ፈጣሪ ይመሰገናል፤ እናት አባት ይመሰገናሉ፤ ብድር የሰጠው ባንክ ሳይቀር ይመሰገናል። «ሙያውን ከየት አገኘኸው?» ሲባል ግን መልሱ አንድ ነው፦ «በራሴ ጥረት»። ውሸት ነው! የናፍጣ ፓምፕ መፍታት ችሎ የተወለደ ሰው በፍራንኮ ሰፈርም በፖስታ ቤት ሰፈርም አላየሁም።

እኔም ብያታለሁ። ወደ ጅቡቲ ለሚወርዱ ከባድ መኪኖች ጋራዤን የከፈትኩ ዕለት በግ አርጄ፣ ድንኳን ጥዬ፣ ማይክ ጨብጬ «ከዜሮ ተነስቼ» እያልኩ ስደሰኩር ሙያውን የሰጡኝ ጋሼ ጄኔሬተሩ አጠገብ ሚሪንዳ ይዘው ቆመው ነበር። ስማቸውን አላነሳሁም። አጨበጨቡልኝ።

እሳቸው ዘንድ ስገባ 16 ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያውን ወር ዕቃ በናፍጣ ሳጥብ ከረምኩ። አንድ ቀን ረጅም ካቻቢቴ አምጥተው ጫፉን እየሠራ ያለ ሞተር ላይ አስደገፉ፣ እጀታውን ጆሮዬ ሥር አጥንቱ ላይ ጫን አደረጉና «ስማ» አሉኝ። ጩኸት ብቻ ነው የሰማሁት። ጫፉን ወደ ውኃ ፓምፑ ወሰዱት። «አሁንስ?» ለስላሳ ነው። ወደ ዲናሞው ሲወስዱት ደረቅ በቆሎ እንደሚፈጭ ወፍጮ ያለ ድምፅ መጣ። «ኩሽኔታዋ አልቃለች። ሾፌሩ ገና አላወቀም፤ አንተ አወቅህ» አሉኝ። ዛሬ ኮምፒውተር ሰክቼ ኮድ አነባለሁ፤ ሚሌ በረሃ ላይ ሊቆም የነበረውን ስንቱን መኪና ያዳንኩት ግን በዚያች ካቻቢቴ ነው።

አፋችንንማ ታዘቡት። ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ እንላለን። ጣሊያንኛ ነው። ማን ጣሊያንኛ አስተማረን? ከጣሊያኖቹ ጋር የሠራው ለረዳቱ፣ ረዳቱ ለረዳቱ እየነገረ ነው ከ80 ዓመት በላይ ተሻግሮ እኛ ዘንድ የደረሰው። ዕቃ አቀብለኝ ባልን ቁጥር የማናውቃቸውን ሰዎች ቃል እናነሳለን፤ የምናውቃቸውን ግን እንክዳለን።

የቅኔ ተማሪ እንደኛ አይደለም። «ከማን ተማርክ?» ሲሉት የየኔታውን ስም ከነአገሩ ይነግርሃል፤ ዋሸራ ነው፣ ጎንጅ ነው ይልሃል። በመምህሩ ፊት ያላስመሰከረ ሰው ወንበር ዘርግቶ አያስተምርም። እኛ ዘንድ መዶሻ የጨበጠ ሁሉ መምህር የለውም።

ከዚህ በአሰላ በኩል ሽቅብ ብትነዱ በቆጂ ትደርሳላችሁ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስትወስድ፣ ኋላም ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከዚያችው ከተማ ሲወጡ፣ ከበስተጀርባ አንድ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ስንታየሁ እሸቱ። እግርና ሳንባ ብቻ የሚበቃው የሚመስለው ሩጫ እንኳ ሰዓት የሚይዝለት ሰው ካስፈለገው፣ የእኛ ሙያ በምን ተአምር ብቻውን በቀለ?

ክህደቱ ሌላም መልክ አለው፤ ይኸኛው ይብሳል። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለትብብር ሥልጠና የሚላኩልንን ልጆች ምን እናደርጋቸዋለን? ሻይ እናስመጣቸዋለን። ግቢ እናስጠርጋቸዋለን። ጊዜያቸው ሲያልቅ ቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» ብለን ማህተም እንመታለን። (ወላጆች ይቅር በሉን።) «ካስተማርኩት ነገ ፊት ለፊቴ ጋራዥ ይከፍትብኛል» የምትል አለህ፤ አውቅሃለሁ፣ ጎረቤቴ ነህ። አንተንም እኮ ያስተማረህ ሰው እንዲህ ቢፈራህ ኖሮ ዛሬ የምትፈራለት ጋራዥ አይኖርህም ነበር። ደግሞም የዛሬው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲያችን በናዝሬት ዘመኑ የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነበር። አስተማሪ ስታፈራ የኖረች ከተማ ውስጥ ሆነን ሙያ መደበቃችን ያሳፍራል።

የምታመሰግኗቸውን ሰዎች ጋሼም በሏቸው፣ ኦቦም በሏቸው፣ እትዬም በሏቸው፣ የሕይወት ታሪካቸው የዕድር ድንኳን ውስጥ እስኪነበብ አትጠብቁ። ያኔ ሁላችንም ተናጋሪ ነን፤ ማይክ እንቀማማለን።

«ሄጄ ምን እላለሁ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ጨንቆኝ ነበር። ባለፈው እሑድ አንድ ኪሎ ቡናና ብርቱካን ይዤ፣ የምናገረውን በመንገድ ሳጠና ሄድኩ። ጋሼ በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። መኪናዬን አቁሜ ወርጄ «ጋሼ፣ ያን ዕለት በምርቃቱ...» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ሞተሩን አታጥፋው» አሉኝ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። «የዲናሞህ ኩሽኔታ አልቋል። በል ካቻቢቴ አምጣ።»