ሐረርን ማን አወቃት?

ሰሞኑን ቡና ላይ ሦስት ሰዎች ሲከራከሩ ዋሉ። አንዱ ገና ከሐረር መመለሱ ነው፤ ስልኩ በፎቶ ተጨናንቋል። ሁለተኛው የታሪክ መምህር ነው፤ ሐረርን ግን ረግጧት አያውቅም። ሦስተኛው የአይሱዙ ሾፌር ነው።

"የባህል ታሪክ ማወቅ የፈለገ መጽሐፉን ዘግቶ አውቶቡስ ይሳፈር" አለ ተጓዡ። ወዲያው አንድ የሚያምር የእንጨት ፎቅ አሳየን። "ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ የኖረበት ቤት ነው።"

መምህሩ ሳቀ። "ራምቦ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ቤቱን ከዚያ በኋላ ያሠራው የህንድ ነጋዴ ነው። አየህ? የነገሩህን ተሸክመህ መጣህ።"

ሾፌሩ ጣልቃ ገባ። "እኔ ስንቴ ሄጃለሁ። ጭነቴን አራግፌ፣ ምሳዬን በልቼ እመለሳለሁ። ስለ ሐረር ብትጠይቁኝ የማውቀው ጎሚስታውን ነው።"

ተሳቀ። ተጓዡ ግን በዋዛ የሚረታ አልሆነም። በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ አንድ የድሮ የሐረሪ ቤት ገብቶ ነበር። ሳሎኑ ከፍና ዝቅ ያሉ ቀይ መደቦች አሉት፤ ሽማግሌው፣ የተማረው፣ ወጣቱ የየራሱ ቦታ አለው። "እኔ ሆዬ ዘው ብዬ ከላይኛው ላይ ጉብ አልኩ። የቤቱ እመቤት ሳቅ ብለው በእጃቸው ወደ ታች ጠቆሙኝ። ቀዩ ቀለም ደግሞ ጨለንቆ ላይ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው አሉኝ።"

"ጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ የሐረሩን ገዥ አሚር አብዱላሂን ያሸነፉበት ነው፤ እሱስ እሺ። የቀለሙ ማስረጃው የታለ?" አለ መምህሩ።

"ማስረጃ አልጠየቅኩም። ቤታቸው ቁጭ ብዬ የሰማሁት ይህንን ነው።"

እኔን ጠየቁኝ። በራምቦ ቤት ነገር መምህሩ ልክ ነው፤ ግን ዓመተ ምህረቱን አርሞ ዝም አለ። የህንድ ነጋዴ ጀጎል ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? ያ ፎቅ እኮ የቆመው ከሐረር ወደ ዘይላ ወደብ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ወደ የመኗ ኤደን ይሄድ በነበረው የቡናና የቆዳ ንግድ ላይ ነው። አንዱ የራምቦን ስም አይቶ አለፈው፣ ሌላው ስሙን ሰርዞ አለፈው።

በቀለሙ ግን ለተጓዡ እፈርዳለሁ። ቀለሙ ከጦርነቱ በፊት ቢኖር እንኳ፣ የተሸነፈ ከተማ ሽንፈቱን ሳሎኑ ውስጥ እያነሳ መኖሩ ራሱ ታሪክ ነው። ከላይኛው መደብ መውረድንም መምህሩ በንባብ አያገኘውም።

ሾፌሩ በሚቀጥለው ጉዞ ጋቢና ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ አለኝ ብሏል። እኔ ብሆን መምህሩን ነው የምልከው፤ እኒያን እመቤት የሚጠይቀው ብዙ ነገር አለው።