ወደቡና ሠራተኛዋ በአንድ ጠረጴዛ

ከባሕረ ሰላጤው ሀብታም አገሮች ጋር ስላለን ግንኙነት ስናወራ፣ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ገንዘቡን ነው። ሰኔ 2010 ዓ.ም. ኤምሬቶች ለኢትዮጵያ 3 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገባች፤ 1 ቢሊዮኑ ብሔራዊ ባንክ የሚቀመጥ፣ ቀሪው ለኢንቨስትመንት። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ነጋዴው ተጨንቆ ስለነበር ብዙዎቻችን ደስ አለን። አልተሳሳትንም።

ገንዘቡ ግን ብቻውን አይመጣም። የየመን ጦርነት ሲጋጋል ኤምሬቶች አሰብ ላይ የጦር ሰፈር ከፈተች፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ነቅላ ሄደች። ኳታር በጅቡቲና በኤርትራ ድንበር ሰላም አስከባሪ ነበራት። ሰኔ 2009 ዓ.ም. ከነሳዑዲ ጋር ስትጣላ፣ ሁለቱ አገሮች ከሳዑዲ ጎን ቆሙ። ኳታርም ወታደሮቿን አስወጣች፤ ወዲያው ሁለቱ በሚወዛገቡበት የድንበር ቦታ፣ ዱሜራ ላይ፣ ውጥረት ነገሠ። ጠቡ ማዶ፣ ጣጣው እኛ ድንበር ላይ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የሰው ጉዳይ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የመብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶዎች እንደገደሉ ዘገበ። ሳዑዲ አስተባብላለች። በወሎ ስንት ቤት አረብ አገር ካሉ ሴቶች በሚላክ ገንዘብ እንደቆመ እዚያ የኖረ ያውቀዋል። የእነዚህ ሴቶች ጉዳይ ግን ስለ ወደብና ስለ ጦር ሰፈር በሚወራበት ስብሰባ አይነሣም። ለብቻው፣ በሠራተኛ ሚኒስቴሮች መካከል፣ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ለምን? ፊሊፒንስን እንይ። የካቲት 2010 ዓ.ም. አንዲት ዜጋዋ ኩዌት ውስጥ ተገድላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስትገኝ፣ ወደዚያ ሠራተኛ መላክ አቆመች። በግንቦት ሠራተኞች ፓስፖርታቸውንና ስልካቸውን እንዳይነጠቁ የሚል ስምምነት አስፈረመች። እኛም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት አግደን ነበር። ግን እገዳው መደራደሪያ አልሆነም፤ ሰዉ በጅቡቲዋ የወደብ ከተማ በኦቦክ አድርጎ በጀልባ መሄዱን አላቆመም።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች አብዛኛውን ምግባቸውን ከውጭ ይገዛሉ። መርከቦቻቸው በቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ፣ በባብ ኤል መንደብ፣ ያልፋሉ። ስለዚህ የአፍሪካ ቀንድ የሚሰጠው የለውም የሚለው ወሬ አይዋጥልኝም። የጎደለን አንድ ላይ ቀርቦ መጠየቅ ነው። ቀጣዩ የወደብ፣ የእርሻ ወይም የብድር ውል ለምክር ቤት ሲቀርብ፣ እንደራሴዎቻችን ከወለዱ መጠን ቀጥሎ ይህን ይጠይቁልን፦ ሪያድና አቡ ዳቢ ያለችው የቤት ሠራተኛ ደመወዟ ሲከለከል ለማን ነው አቤት የምትለው?