አረቄ የተወው ሰው ፍላጅል ሲገዛ

መጠጥ ለማቆም ዳይሰልፊራም የተባለ ክኒን ለታዘዘለት ሰው የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ «አልኮል እንዳትቀምስ» የሚለው ነው። ልክ ነው፣ ግን አይበቃም። የሰሜን ሸዋ መድኃኒት ቤቶች ፍላጅል (የአሜባ መድኃኒት የሆነውን ሜትሮኒዳዞልን) ከመሸጣቸው በፊት «የመጠጥ ማቆሚያ ክኒን ይወስዳሉ ወይ?» ብለው መጠየቅ አለባቸው ባይ ነኝ።

ዳይሰልፊራም ጉበት አልኮልን የሚያስወግድበትን መንገድ መሃል ላይ ይዘጋዋል። አሴታልዴሃይድ የተባለ መርዝ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ፊት ይቀላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ልብ ይደልቃል፣ ያስመልሳል፤ ሲብስ የደም ግፊት ወርዶ ሊገድል ይችላል። ለዚህ ደግሞ የጽዋ ማኅበር ጠላ ትበቃለች። ቅራሪም «ቀጭን ነው» ተብሎ አይናቅም። በደብረ ብርሃን ብርድ ለጉንፋን የሚዋጠው፣ አረቄ ውስጥ የከረመ ነጭ ሽንኩርትም ማንም መጠጥ አይለውም እንጂ ያው አረቄ ነው።

የፍላጅል ጉዳይ ግን አልኮል አያስፈልገውም። ሜትሮኒዳዞልና ዳይሰልፊራም ሲገናኙ ሰውየው ሊቃዥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ቤተሰቡን ሊጠራጠር ይችላል። ቤተሰብ «ወደ አረቄው ተመለሰ» ወይም «ሰይጣን ያዘው» ይላል፤ ክኒኖቹን የሚመረምር የለም። በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል ቢያንስ 2 ሳምንት መኖር አለበት። የፍላጅል ዘመድ የሆነው ቲኒዳዞልም እንደዚሁ ነው። ሆድ በቆረጠ ቁጥር «አሜባ ነው» ብሎ ያለ ማዘዣ መግዛት በለመድንበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰዉ ተራ እየጠበቀ ሳለ ጮክ ብሎ መጠየቅ ግን እውነቱን አያስገኝም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ይሁን።

የቲቢ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ደግሞ አይሶናያዚድ የተባለ መድኃኒት አለው፤ ይህና ዳይሰልፊራም አብረው ሲወሰዱ መንገዳገድና የጠባይ መለወጥ ያመጣሉ፣ ጉበትንም ያሰጋሉ። ከዳይሰልፊራም ጋር ሲወሰዱ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ደም ውስጥ ይበዛል፣ የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪንም ደም ሊያፈስ ይችላል። እነዚህን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

ባል ሳያውቅ የመጠጥ ማቆሚያ ክኒኑን ወጥ ውስጥ ፈጭቶ መጨመር ፈጽሞ አይደረግም። መጀመር የሚቻለው ሰውየው አውቆ ሲስማማና ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ሲያልፍ ነው። ካቆሙም በኋላ መድኃኒቱ እስከ 14 ቀን ይሠራል፤ ስለዚህ «ለፋሲካ ብዬ ከስቅለት ጀምሮ ትቼዋለሁ» የሚል ሰው በበዓሉ ጠጅ ቢቀምስ ክኒኑን ዛሬ እንደዋጠ ይቆጠራል።