ሰው አለው

ዛሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ የደሴ ብርድ ጣት ሲቆረጥም፣ ጋቢዬን ፈልጌ ፈልጌ አጥቼ በስስ ሹራብ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሮጥኩ። ሰው ሳይቀድመኝ ቦታ ልይዝ ነው። ሰውም አልቀደመኝም። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው። ወንበሩ ግን ሞልቷል። አንዱ ላይ ደብተር፣ አንዱ ላይ ሃንድአውት፣ አንዱ ላይ ክዳን የሌለው እስክሪብቶ፣ አንዱ ላይ ደግሞ፣ ወላሂ አልዋሸሁም፣ ግማሽ ብርቱካን። ብርቱካኑን ገፋ አድርጌ ልቀመጥ ስል አንዷ ልጅ ቀና እንኳ ሳትል፣

«ሰው አለው» አለችኝ።

«ማን?»

«እኔ እንጃ። ሰው አለው።»

እስከ 3 ሰዓት ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከብርቱካኑ ዘመዶች ማንም ብቅ አላለም። አንዱን ደብተር ስገልጠው አንድ ቃል አልተጻፈበትም። ለመጻፊያ ሳይሆን ለመቀመጥ የተገዛ ደብተር!

የመጣሁት ከኮምቦልቻ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እናቴ ግን ባሕር የምሻገር ይመስል አልቅሳ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ አሸክማ፣ ጋቢ ደርባ ነው የሸኘችኝ። በጋቢው አልፈርድባትም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ከ2,400 በላይ፤ ዳገቱን ሳይጨርሱ ሹራብ ይደረባል። እኔ ግን ግቢ አይከብደኝም ባይ ነበርኩ። ከ2015 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ታድሮ ስለሚወሰድ፣ አልጋውንም ካፌውንም አስቀድሜ ቀምሼዋለሁ። ለካ እንግድነትና ኑሮ ለየቅል ናቸው። ያኔ የምቀመጥበት ወንበር ተመድቦ ይጠብቀኝ ነበር።

ነገሩ ግቢ ውስጥ ነው የተፈለሰፈው እንዳልል መናኸሪያውን አውቀዋለሁ። የኮምቦልቻው ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው፣ ሞልቷል፣ አንድ ሰው!» ይላል። ዘለን እንገባለን። ከዚያ «ተሳፋሪው» አንድ በአንድ ይወርዳል፤ አንዱ የረዳቱ ጓደኛ፣ አንዱ የሌላ መኪና ረዳት ሆኖ ይገኛል። ቢያንስ እዚያ ወንበሩን የሚይዘው ሰው ነው። ብርቱካን አይደለም።

አያቴ ብትሰማ «ቀድሞ የወጣን ጆሮ በኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው» ትለኝ ነበር። ይህን ተረት የማታወጣበት ጉዳይ የለም፤ የምራቷ ቡና ሲመሰገን እንኳ ትጥለዋለች። እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ሁሌ ለቀንዱ የሚያደላ ይመስለኛል። በሬው ሲጠሩት የሚዞረው በየትኛው ነው? ስለ ጆሮ ማን አዘነ?

እኔ አዘንኩ፤ ጆሮዋ እኔ ነበርኩና። ዶርም ስንገባ ከስድስታችን ቀድሜ ደርሼ፣ የታችኛውን አልጋ መርጬ፣ ሻንጣዬን አስቀምጬበት ለሎከሬ ጓጉንቸር ልገዛ ፒያሳ ወጣሁ። ስመለስ ሻንጣዬ ላይኛው አልጋ ላይ ተሰቅሏል። ታች አንዲት ልጅ አንሶላዋን አንጥፋ፣ እግሯን ዘርግታ በሶ ትበጠብጣለች። የእኔን በሶ! «አብሽሪ፣ አንቺ ቀጭን ነሽ፣ መውጣት አይከብድሽም» አለችኝ። የወሎ ሰው በ«አብሽር» የማያልፈው ችግር የለም፤ ቃሉን እወደዋለሁ። የምትለው አልጋዬን የወሰደችው ልጅ ስትሆን ግን ጥርሴን ያፋጨኛል። ሁለት ወር አለፈ፤ እሱን መሰላል በወጣሁ ቁጥር እንደ አዲስ እናደዳለሁ።

ከሁሉ ግን የሚያንገበግበኝ ቃሉ ነው። ሰው አለው። ወንበር ሲሆን ደብተር ተቀምጦበታል ማለት ነው፤ ሰው ሲሆን ደግሞ ወገን አለው፣ ከውስጥ የሚጠራው አለው ማለት ነው። ስሜ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ ላስተካክል አንድ መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር። እስከ እኔ አሥራ አንድ ሰው ቆጠርኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላም አሥራ አንድ ነበርን፤ በጎን በር ገብቶ የሚወጣው ግን ብዙ ነው። ስለ አንዱ ብጠይቅ ከኋላዬ ያለችው ልጅ «እሱማ ሰው አለው» አለች፣ ልክ ስለ ዝናብና ፀሐይ እንደምታወራ። በዚህ አልስቅም። አሥራ አንዳችን ምን ነን? ብርቱካን እንኳ ባለቤት አለው።

ይህ ሁሉ ደሴ ላይ መሆኑ! በ1906 የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው፤ ማንንም አይንቅም ለማለት። በዚያ ግብር ላይ ግማሽ ብርቱካን አስቀምጦ የሚሄድ ቢገኝ አጋፋሪው ምን ያደርገው እንደነበር ማሰብ ራሱ ያጽናናኛል።

ወደ ወንበሩ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር ያስጨነቀን ወንበሩ አይደለም። ከ2012 ወዲህ አንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፤ ሎጂኩንም ሳይኮሎጂውንም አብረን ተምረን ዲፓርትመንት የሚደርሰን በውጤት ነው። አጠገቤ የምታጠናው ልጅ በሶ ታበድረኛለች፣ የምመኘውንም ዲፓርትመንት ልትወስድብኝ ትችላለች። ታዲያ ወንበር የያዘ ዲፓርትመንቱን የያዘ ቢመስለው...

እናቴ ደወለች። «ሰው አገኘሽ ወይ ልጄ?» ትላለች በየቀኑ፣ ጓደኛ ለማለት። «ወንበሮቹ አግኝተዋል፣ እኔ ገና ነኝ» አልኳት። አልገባትም፤ «ጋቢውን ልበሺ» አለች።

ይህን እየጻፍኩ ሌላ ስልክ። የታችኛው አልጋ ባለቤት ናት።

«የት ጠፋሽ አንቺ? ሌሊት ተነስቼ ላይኛው ፎቅ ወንበር ይዤልሻለሁ እኮ! አብሽሪ፣ ማንም አልነካውም፤ ጋቢሽን ጣል አድርጌበታለሁ።»

እሄዳለሁ። ጋቢዬን ለማምጣት ነው።